ቦዩ የት እንደሚያበቃ እኛም እንጠየቅ፦ ከቀሃ ዳር ነዋሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጎንደር፣ ሚያዝያ

በከተማችን ለመንገድና ለጎርፍ ማፋሰሻ ግንባታ፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለውሃና ለጽዳት ሥራ ኃላፊነት ለተሰጣቸው ጽሕፈት ቤቶች፤
እንዲሁም ለመላው የጎንደር ከተማ ነዋሪ፤

ጉዳዩ፦ በወንዝ ዳር ሰፈሮች ላይ ስለሚወርደው ጎርፍና ቆሻሻ፣ ነዋሪው ስለጀመረው ሥራና በውሳኔ ላይ ሊኖረው ስለሚገባው ድርሻ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በቀሃ ወንዝ ዳር፣ ከተማዋ ወደ ታች በምታዘቀዝቅበት በኩል የምንኖር የአንድ እድር አባላት ነን። በወረቀት ያሰፈርሁት የእድሩ ጸሐፊ እኔ ብሆንም፣ ሐሳቡ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በየወሩ የመዋጮው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ስንነጋገርበት የቆየነው የሁላችን ሐሳብ ነው። እድር የተቋቋመው ሬሳ ለመቅበርና ኀዘንተኛ ለማጽናናት እንደሆነ እናውቃለን፤ ባለፉት ክረምቶች ግን ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጎን ዶማና አካፋ መግዛት ግድ ሆኖብናል።

የምንለው አንድ ነገር ነው። ከላይ የሚሠራ ቦይ፣ የሚነጠፍ መንገድ፣ የሚታጠብ መኪና፣ የሚጣል ቆሻሻ ሁሉ መጨረሻው ከታች ባለነው ላይ ስለሚያርፍ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እኛ ከታች ያለነው እንድንጠየቅ እንፈልጋለን። በጉልበትም በገንዘብም የአቅማችንን ስናደርግ ቆይተናል፤ የሚቀረንን እናደርጋለን፤ የማንችለው ነገር ግን አለና እርሱን ለእናንተ ማቅረብ ይገባናል።

የከተማችን አቀማመጥ ለእናንተ እንግዳ ባይሆንም ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና በአጭሩ እናንሣው። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አንገረብ በምሥራቅ፣ ቀሃ በምዕራብ ይዘዋት ይወርዱና ከከተማዋ በታች ተገናኝተው ወደ መገጭ ያመራሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ሰማያችን የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከዚያም ውስጥ የሚበዛውን በሐምሌና በነሐሴ ያወርደዋል። ቤቱ ሣር ክዳን፣ ግቢው ሰፊና አፈር በነበረበት ዘመን ከዚህ ዝናብ ብዙው በወደቀበት መሬት ይሰርግ ነበር። ዛሬ ቆርቆሮው፣ አስፋልቱ፣ ኮብልስቶኑና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ ውሃውን አያሰርጉትም፤ ወደ ቦይ ይገፉታል፣ ቦዩም ወደ ተዳፋቱ ይሰድደዋል። ቦይ ለላይኛው ሰፈር መልካም ነገር ነው፤ ደጁን ያደርቅለታል፣ መንገዱን ያቆይለታል። ማንም ቦይ አይሠራ አንልም። ችግራችን የሚጀምረው ቦዩ በሚያበቃበት ቦታ ነው።

እኛ ሰፈር የሚመጣው ቦይ የሚያበቃው ወንዙ ጋር ሳይደርስ፣ ከሰው ጓሮ በላይ ባለ አፋፍ ላይ ነው። ከአናት ጀምሮ ኃይል ሲያጠራቅም የመጣ ውሃ ሲሚንቶው ሲያልቅበት ያገኘውን አፈር መቆፈር ይጀምራል፤ መጀመሪያ የአንድ ክንድ ያህል የነበረው ጉድጓድ በአንድ ክረምት ሰው ያስቆማል፣ በሁለተኛው ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦር ደግሞ ወደ ታች ብቻ አያድግም፤ አናቱ እየተናደ ወደ ላይ ወደ ቦዩ አፍ ስለሚመለስ፣ ዝም ከተባለ ቦዩንና መንገዱን ራሱን ይበላል። የእኛ ሰፈር ቦረቦር እስካሁን ሁለት ጓሮ፣ አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤትና ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን የእግር መንገድ ወስዷል። መጸዳጃ ቤቱ የተናደው ሌሊት ስለነበረ ሰው አልተጎዳም፤ ስለዚህ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ግን ሁሉም ወደ ወንዙ ወረደ፤ በማግሥቱ ጠዋት ከዚያ በታች ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ያዩትን እዚህ መጻፍ አንፈልግም።

እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በመጀመሪያው ዓመት በደቦ ወጥተን፣ ድንጋይ ለቅመን በቦረቦሩ ውስጥ ሦስት ክትር ሠራን። ሐምሌ ሳያልቅ ሦስቱም ፈረሱ። ለምን እንደፈረሱ ያስረዱን ዕድሜያቸውን በግብርና ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ አንድ የእድራችን አባት ናቸው። ክትሩን ከዳር እስከ ዳር እኩል ደርድረነው ስለነበር ውሃው ጠርዝ ጠርዙን ቆፍሮ ዞሮ አለፈ። ክትር መሐሉ ዝቅ ማለት አለበት፤ ሁለቱ ክንፎቹ በግራና በቀኝ የቦረቦሩን ግድግዳ ቆፍረው መግባት አለባቸው፤ ውሃው ተሻግሮ በሚወድቅበት በኩልም ድንጋይ መነጠፍ አለበት። በሁለተኛው ዓመት የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር ግርጌ ጋር እኩል እንዲሆን በውሃ ልክ እየለካን አምስት ሠራን፤ በዳርና ዳሩም ደሾ ሣርና ሰስፓኒያ ተከልን። አራቱ ክረምቱን አለፉ። ከኋላቸው ደለል ይዘው፣ ባለፈው ጥቅምት ሣር አጭደንባቸዋል፤ ሣሩንም ላም ላላቸው ሁለት መበለቶች ሰጠን።

አምስተኛው ክትር፣ ከቦዩ አፍ ሥር ያለው፣ በየዓመቱ ይፈርሳል። እዚያ የሚያስፈልገው ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) እና ሲሚንቶ ነው፤ ከዚያም በፊት የቦዩ አፍ ራሱ ተስተካክሎ፣ የውሃውን ኃይል የሚያበርድ ደረጃ ተሠርቶለት እስከ ወንዙ መውረድ አለበት። ይህ በደቦ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ለመጠየቅ ወደተለያዩ በሮች ሄደናል። አንደኛው በር መንገዱ የእነርሱ መሆኑን፣ ከመንገዱ ወሰን ውጭ ያለው ግን እንደማይመለከታቸው ነገረን፤ ሌላው በር ወንዝ ዳሩ የእነርሱ መሆኑን፣ ቦዩ ግን የመንገድ ሥራ እንደሆነ ነገረን። ሁለቱም በየሥልጣናቸው ልክ እውነቱን እንደነገሩን እናምናለን፤ በአክብሮትም ነው ያነጋገሩን። ነገር ግን ውሃው ከአንዱ ወሰን ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚከተለው አንድም ኃላፊ ከሌለ፣ በወሰኖቹ መካከል የተሠራ ቤት ሁሉ ባለቤት በሌለው ውሃ ይወሰዳል። የዚህ ደብዳቤ ግማሽ ምክንያት ይህ ክፍተት ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲነደፉና ሥራ ላይ ሲውሉ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ እንዳለበት፣ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታም የመንግሥትም የዜጎችም እንደሆነ ይናገራል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝቡ፣ በተለይም ፕሮጀክቱ ሊነካው የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ወገን በሚመለከት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት ሰጥቶታል። ይህን የምናነሣው የምንጠይቀው ነገር ቸርነት አለመሆኑን ለራሳችን አባላት ጭምር ለማስታወስ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤ ስንመክር «እኛ ማን ሆነን ነው የምንጠየቀው?» ያሉ እናት ነበሩና። ለእርሳቸው አንቀጾቹን አንድ በአንድ አነበብንላቸው፤ እርሳቸውም ሁለተኛ ጊዜ እንዲነበብላቸው ጠየቁ።

ወደ ቆሻሻው ጉዳይ ስንመጣ መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። የቆሻሻ መኪናው የሚቆመው አስፋልት ዳር ነው፤ ከእኛ ሰፈር ወደዚያ የሚያወጣው አቀበት ደግሞ አንዲት አሮጊት ጆንያ ተሸክማ የምትወጣው አይደለም። በዚህ ምክንያት ከእኛም ቤት የወጣ ቆሻሻ ለዓመታት ሲመሽ ወደ ወንዙ ሲወረወር ኖሯል። ካለፈው ዓመት ወዲህ እድሩ በየወሩ ከየቤቱ ጥቂት ብር እየሰበሰበ፣ ሁለት የሰፈሩ ወጣቶች በሳምንት ሁለት ቀን በአህያ ጭነው ወደ መኪናው እንዲያደርሱልን አድርጓል። ሥራው እየተለመደ ነው፤ መኪናው ሳይመጣ በሚቀርበት ሳምንት ግን የወጣው ቆሻሻ አስፋልት ዳር ተከምሮ ይቀርና በቀጣዩ ዝናብ በዚያው ቦይ ተመልሶ ይወርድብናል።

በራሳችን ቤት ያለው ይህ ነው፤ ከላይ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የእጥበት አረፋ፣ ከሥጋ ቤት የሚወጣ ደምና አጥንት፣ ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ ፌስታል ነው፤ ፌስታሉ ቱቦውን ስለሚደፍነው ውሃው ከቦዩ ወጥቶ በሰው ደጃፍ ያልፋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል መከልከሉን በደስታ ሰምተናል። ሆኖም ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ መደብ የምትሸጥ ሴት ፌስታሉን የያዘችው ወድዳው ስላልሆነ፣ ከቁጥጥሩ ጎን ለጎን ዘንቢልና የወረቀት ከረጢት በሚቀመስ ዋጋ የሚገኝበት መንገድ ቢፈለግ ሕጉ በደሃው ትከሻ ብቻ አይቆምም።

በየዓመቱ ለጥር 11ዱ የጥምቀት በዓል የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ከቀሃ በሚመጣ ውሃ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የጥምቀትን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር እንደ ጎንደር ደስ ያለው ከተማ ያለ አይመስለንም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በእምነት የሚረጨው ውሃ የመጣበት ወንዝ ግን ወረድ ሲል ምን እንደሚመስል የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። በዓሉን ለማየት የሚመጣው እንግዳ እንዲያይልን አይደለም ይህን የምንለው። ወንዙ ለበዓሉ ቀን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በልጆቻችን እግር ሥር የሚያልፍ ስለሆነ ነው።

ከእኛ በታችም ሰው አለ። ላይኛው ሰፈር ለእኛ ምን እንደሆነ እኛም ለደምቢያ ገበሬ እንዲያ ነን፤ ከእኛ ያለፈው ሁሉ በመገጭ በኩል እርሱ በመስኖ ወደሚጠቀምበት ውሃ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይደርሳል። እምቦጭ ጣና ላይ መታየት ሲጀምር፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ በመጀመሪያ የተስተዋለው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። አረሙን የሚያፋፋው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚወርድ ንጥረ ነገር ነው፤ እምቦጭን ያመጣችው ጎንደር ናት ማለት ባይቻልም፣ ዓሣ አጥማጁና ገበሬው በእጃቸው አረም ሲነቅሉ እኛ ድርሻ የለንም ልንል አንችልም። ወደ ላይም ዕዳ አለብን፤ የምንጠጣው የአንገረብ ግድብ ውሃ በደለል እየተሞላ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከግድቡ በላይ ያለው ገበሬ እርከን ሠርቶ አፈሩን በያዘ ቁጥር የእኛ ቧንቧ ይጠቀማል፤ ለዚህ ልፋቱ ግን ከከተማው ምን እንደሚያገኝ የጠየቀ ሰው ብዙ አይደለም።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ብዙ ማለት አንችልም፤ ባለሙያዎች አይደለንም። ኢትዮጵያ በዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ላይ ያላት ድርሻ 1 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ፣ አየሩ በሞቀ ቁጥርም ብዙ እርጥበት ስለሚይዝ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ኃይለኛ እንደሚሆን ተምረናል። እንግዲህ በአገሮች መካከል ያለው ነገር በእኛ ተዳፋት ላይም ያለ ነገር ነው፤ ጥቂት ያጠፋው ብዙ ይከፍላል። አገራችን በዓለም መድረክ ላይ ይህን ስትናገር ትክክል እንደሆነች እናምናለን፤ በየከተሞቻችንም ላይኛውና ታችኛው ሰፈር በዚያው ሚዛን እንዲታዩ ነው የምንጠይቀው።

ችግኝ ተከላን በሚመለከት፣ አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በወንዙ ዳር ስንተክል ቆይተናል። ችግኝ በሐምሌ አይሞትም፤ የሚሞተው በየካቲትና በመጋቢት፣ ፀሐዩ ሲከርርና ፍየሉ ሲራብ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ያሉት ጽዶችና ወይራዎች፣ ጃንተከል ዋርካም እስከ ዛሬ የቆሙት ትውልድ እየተቀባበለ ስለጠበቃቸው ነው። ስለዚህ ለተከላ ከሚወጣው ወጪ የተወሰነው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ውሃ ለሚያጠጣና ለሚጠብቅ ሰው ቢመደብ፣ ያም ሰው ከዚሁ ሰፈር ሥራ ካጡ ወጣቶችና እናቶች መካከል ቢሆን፣ ከተተከለው ይልቅ የጸደቀው ቢቆጠር እንወድዳለን። ለወንዝ ዳርም ባሕር ዛፍ ሳይሆን ሾላ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ቀርከሃ ይሰጠን።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስጨንቀን ጉዳይ እንምጣ። ወንዙ አፋፍ ላይ የሚኖሩት በአብዛኛው ተከራዮች ናቸው፤ የቀን ሠራተኞች፣ ጉልት ቸርቻሪዎች፣ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ሴቶች፣ ከየቦታው ተፈናቅለው መጥተው ርካሽ ቤት ያገኙ ቤተሰቦች። እዚያ የሚኖሩት አደጋውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ኪራዩ የሚቻላቸው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ወንዙ እንዲያገግም ዳርና ዳሩ ባዶ ሆኖ ሣርና ዛፍ መልበስ እንዳለበት እኛም እናምናለን፤ ከቦረቦሩ አፍ ላይ የቆሙ አንዳንድ ቤቶች ደግሞ ዛሬውኑ መነሣት አለባቸው። ሆኖም የወንዙ ዳር አረንጓዴ የሚሆንበት ቀን እነዚህ ሰዎች የሚጠፉበት ቀን እንዳይሆን እንሰጋለን። የቤቱ ባለቤት ካርታ ስላለው ካሣ ይጠይቃል፤ ተከራይዋ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ የጉልት ደንበኞቿን ጥላ የምትሄድ ሴት ኑሮዋ ተነክቷል። ስለዚህ ማንም ከመነሣቱ በፊት ተከራዩ በስሙ ይመዝገብ፣ የሚዛወርበት ቦታ ከሥራውና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይርቅ ይፈለግለት፣ የትምህርት ዓመቱ ሳያልቅም ቤቱ አይፍረስበት። ምዝገባውን እድሩ በነፃ ሊሠራ ዝግጁ ነው፤ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ነፍሰ ጡር፣ ማን ደካማ እንደሆነ ቤት ለቤት ስለምናውቅ።

የምንጠይቀውን ባጭሩ እንናገር። ከዚህ በኋላ ወደ ቀሃም ሆነ ወደ አንገረብ የሚያፋስስ መንገድ ወይም ቦይ ሲነደፍ፣ ንድፉ ከታች ላለው ሰፈር እድር ቀርቦ ውሃው የት እንደሚያበቃ በግልጽ ይታይ፤ የነዋሪውም አስተያየት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። መንገዱን፣ ወንዙን፣ ውሃውንና ጽዳቱን የያዛችሁት ጽሕፈት ቤቶች ከየራሳችሁ አንዳንድ ሰው መድባችሁ፣ ከየወንዝ ዳሩ ሰፈር ተወካዮች ጋር ቢያንስ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ የሚቀመጥ አንድ የጋራ ጉባኤ አቋቁሙ፤ ቦዩ ከአንዱ ወሰን ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚከተለው ይህ ጉባኤ ይሁን። ጋራዦች፣ የመኪና እጥበቶችና ሥጋ ቤቶች ፍሳሻቸውን አጥልለው እንዲለቁ ጊዜ ተሰጥቷቸው ይታገዙ፣ ከዚያ በኋላ ይጠየቁ። የቆሻሻ መኪናው የሚመጣበት ቀን ይታወቅ፤ በቀኑም ይምጣ።

ለላይኛው ሰፈር ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። የጣሪያችሁን ውሃ በበርሜል ወይም በሮቶ ብትይዙ፣ ከግቢያችሁ ጥቂቱን አፈር ሳትሸፍኑ ብትተዉት፣ የዘይቱን ጀሪካን ወደ ቦዩ ባትደፉት፣ እኛ ዘንድ ልዩነቱ በዚያው ክረምት ይታያል። በሰርግም በኀዘንም የምንገናኝ አንድ ሕዝብ ነንና ይህን ቅር ሳትሰኙ እንደምትቀበሉን እናምናለን።

ጽሕፈት ቤቶቹ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ዝናቡ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ፣ የሚመለከተው ባለሙያ መጥቶ ውሃው ከቦዩ አፍ ሲወጣ በዓይኑ እንዲያይ እንዲልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን፤ በበጋ ለሚመጣ ሰው የሚታየው ደረቅ ጉድጓድ ብቻ ነው። ቦቲ ጫማና ጃንጥላ ከእኛ ነው፤ ክትሮቹን የሚያሳዩትም እኒያው ጡረተኛ አባታችን ይሆናሉ። ለአምስተኛው ክትር የሚሆነውን ድንጋይ በመጋቢት ለቅመን ጨርሰን ከእድሩ ቤት ጀርባ ከምረነዋል፤ ለመደርደር የምንጠብቀው የቦዩን አፍ መስተካከል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በቀሃ ዳር የምንኖር የእድር አባላትን በመወከል
የእድሩ ጸሐፊ